ከአራት ሦስቱ

«የዲንኪቱ ማሕፀን ዓይን መሥራት አይችልበትም» ስትል ነው የሰማኋት፤ በገዛ ጆሮዬ፣ ሸምሳ ሱቅ በር ላይ ቆሜ። ተናጋሪዋ አማቴ ዲንቄ ናት፤ ዲንኪቱ ደግሞ እኔው ነኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻይ ቅጠል እያስመዘነች፣ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሁሉ ዘና ብላ ነው የምትናገረው። ባለሱቋ ሸምሳ በአማቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና ደንግጣ ሚዛኑን ደጋግማ ነካካች። አማቴ መች ገዷት! «ዛሬ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ያልቃል። በጉን ትረድ፣ ነውሩ ከእኔ ዘር ነው ብላ ትመን፣ ይመርቋትና ልጄ ቤቱ ይግባ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዶሎን አቧራ ቃመ እኮ!» አለች። ሻይ ቅጠሏን ይዛ ዞር ስትል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሌላ ሰው ቢሆን ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይል ነበር። እሷ ግን «አካም ቡልቴ፣ ልጄ» ብላ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀችኝ። እኔም «ናጋ፣ አዮ» አልኳት፤ ሰላም ነው፣ እናቴ። ምን ልበል? እኛ ዘንድ ሰላምታ አይነፈግም።

ሸምሳን የሚያውቅ ያውቃታል፤ የጠቆረ ሙዝ እንኳ ቢሆን ስድስቱን ከአስር ሳንቲም ዝቅ አታደርግም። የዚያን ቀን ግን ሳንቲሜን ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። «ተይው፣ ለአስተማሪው ለአባ ዝንቡ አይደል?» አለች። ሸምሳ ገንዘብ አልቀበልም ካለች የእኔ ነገር ምን ያህል እንደከፋ ያኔ ገባኝ። ሙዙን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ አቀናሁ። ጧት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ የነገሌ ቀይ አፈር ግን ከወዲሁ መጋል ጀምሯል፣ ከጦር ሰፈሩ በኩል የሚሮጡት ወታደሮች ዘፈን አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ስልሳ አራት ነው።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ነኝ፤ በወር ሃያ ብር። ባሌ ጃታኒ የጭነት መኪና ረዳት ነው፣ ከነገሌ ዶሎ የሚመላለስ። ልጃችን ጉያቱ አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ዓይን አልነበራትም። ታሞ የጠፋ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልተሠራም። ቆቡ አለ፣ ሽፋሽፍቱ አለ፣ ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሥጋ ብቻ ነው። ጃታኒ ሁለት ዓመት አብሮን ኖረ። ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ገበያ የሚወስድ ወንድ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሲስቅበት አብሮ ይስቅ ነበር። ከዚያ እናቱ ያዘችው። «ሁለተኛውም እንዲህ ቢሆንስ?» አለችው። ነገሩ በሽማግሌ ሳይጠራ ወደ ምኝታህ አትገባም ተባለ፤ እሱ ደግሞ እናቱን እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ነገሌ ሲያድር መኪናው ላይ ይተኛል። ቤቴ መኪናው ከሚቆምበት ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ናፍቆት ለሩቅ አገር ሰው ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው! አንጀት የሚበላው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ያለ ሰው ነው። የናፍጣ ሽታው ትራሴ ላይ ስድስት ወር ቆየ። ትራሱን አላጠብኩትም ነበር፤ ቢሆንም ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ሰው ልኮብኝ ነበር። «በጉን እረጂና ይለቅ። የማንም ዘር ይሁን እኔ ግድ የለኝም፤ ቤቴን ነው የምፈልገው» ብሎ። ያን ቀን አሥሩን ክፍል እያለቀስኩ ጠረግሁ። በግ ምን አላት? አሥር ብር ናት። ለጃታኒማ በሬም አርድለት ነበር። ግን እህቴ አሸቱ ታጭታለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ሠርጓ ነው። እኔ በሽማግሌ ፊት ነውሩ ከእናቴ ቤት ነው ብዬ ካመንኩ፣ የእጮኛዋ ወገኖች በማግሥቱ ከብታችንን መልሱ ይላሉ። ለእኔ ባሌ ሲመለስ ለእሷ ባሏ ሊቀርባት ነው። ደግሞስ ውሸት ነዋ! ውሸት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

ያሳየኝ ጋሼ ሥዩም ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የሳይንስ አስተማሪ፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። ሌላው አስተማሪ ፍራሽና ራዲዮ ጭኖ ሲመጣ፣ እሱ በጥጥ የተወተፉ ጠርሙሶች አቅፎ ከመኪና ወረደ። ውስጣቸው ዝንብ! ያውም ተልባ የማታህል፣ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ። ከተማው ሳቀ፣ አባ ዝንቡ የሚል ስም ወጣለት። በአሮጌ ካርታና በእግረ ሰባራ ወንበር የተሞላው ዕቃ ቤት ተሰጠው፤ እዚያ ሙዝ ያደቅቅላቸዋል፣ እርሾ ይነሰንስላቸዋል፣ ያጋባቸዋል፣ የወለዱትን ይቆጥራል። ጠርሙሱን የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና «እስኪ ይቺን እያት» አለኝ። በኤተር አስተኝቷታል። ከጎኗ የተኛችው ሌላዋ ዝንብ ሁለት ቀያይ ዓይኖች አሏት። የዚህችኛዋ ቦታው ልሙጥ ነው፤ ምንም የለም። ጉያቱን ያየሁ መሰለኝ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለዝንብ! እሱም ደነገጠ፣ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

የዚያን ቀን ጧትም ሙዙን አስቀምጬ፣ «ደግመው ይንገሩኝ ጋሼ፣ ሽማግሌ ፊት እንዳልስት» አልኩት። ጠመኔውን አስቀምጦ ነገረኝ። ዓይንን አንድ ሠራተኛ ብቻውን አይሠራውም፤ ብዙ ናቸው። ግን ጀምሩ ብሎ የሚያዝ አለ። ትእዛዙ ከተበላሸ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዴት እንደሚያዝ ገና ማንም በቅጡ አልደረሰበትም። ፍጥረት ሁሉ ግን ትእዛዙን ሁለት ሁለት አድርጎ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፤ ሰውየው ያያል፣ ብልሹ መያዙንም ሳያውቅ ይሞታል። ዓይን የሚቀረው ሁለቱም ብልሹ ሲደርሱት ነው። «ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም» አለኝ። «ዝንቦቼ ላይ ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ ብልሹ ሲይዙ ከአራት አንዱ ዓይን የለሽ ይሆናል፣ ሦስቱ ያያሉ። ግን ዲንኪቱ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዝንብ ሌላ፣ ሰው ሌላ…»

«ገብቶኛል» አልኩት። ከአራት ሦስቱ! ከዚያ ወዲያ ያለውን መች ሰማሁት። ሦስቱንም ልጆች ቤቴ ውስጥ ሲሯሯጡ አየኋቸው፤ የሦስቱም አፍንጫ የጃታኒ ነው። ይባስ ብሎ ሌላ ነገር ጨመረልኝ። ዓይን የለሾቹን ለብቻቸው አድርገው እርስ በርስ ሲያዋልዷቸው ቢኖሩ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ መልሰው ዓይን ያላቸው ይወልዳሉ፤ በደማቸው ያለ ሌላ ነገር ጉድለቱን እየደገፈ ይሞላዋል ይባላል። «በሰው ስንት ዓመት ይሆናል?» አልኩት። በጣቱ ቆጠረና «ስምንት መቶ ዓመት ቢሆን ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ የምፈልገው ጃታኒ ከዝናቡ በፊት እንዲገባልኝ ነው። አብሬሽ ልሂድ ሲለኝም ተዉት አልኩት፤ ሚስት ያላገባ ልጅ ሽማግሌ ፊት ምን ይደመጣል? አንድ ጠርሙስ ዝንብና መነጽሩን ሰጠኝ። «መነጽሩን አደራ፣ የትምህርት ቤቱ ነው» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ኦቦ ዳዳቻ ግቢ፣ ግራሩ ሥር ነው። አራት ናቸው። ኦቦ ዳዳቻ ገጠር የውሃ ጉድጓድ ላይ አርባ ዓመት ከብት አጠጥተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ነው ከተማ የገቡት። ዛሬም የትኛውን ኮርማ ላስቀር የሚል ሰው እሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው። አማቴ አንድ ወገን ተቀምጣለች። ጃታኒ ከጎኗ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርቤ አላየሁትም ነበር። ከስቷል። አገጩ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ፤ ማን አሰረለት? ማን አጠበለት? የለበሰው ኮት ቁልፉን እኔ የሰፋሁለት ነው፤ ክሩ ሌላ ቀለም ስለነበር ከሩቅ ለየሁት። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ ማለት አማረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። እሱ መሬት መሬት ያያል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከብቱ ናጋ፣ ልጁ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ፣ ጉድጓዱ ናጋ። ከዚያ «በጉን አምጥተሻል?» ተባልኩ።

«በግ አላመጣሁም። ምስክር ነው ያመጣሁት» ብዬ ጠርሙሱን አወጣሁ። አንደኛው ሽማግሌ ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። «እነዚህ ናቸው ምስክሮችሽ? ቃለ መሐላ እናስፈጽማቸው?» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም የተማርኩትን አንድም ሳላስቀር አወረድኩት፤ አማርኛው ሲያጥረኝ በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያጥረኝ በአማርኛ። ትእዛዙን፣ ሠራተኞቹን፣ ከአባት አንድ ከእናት አንድ መሆኑን፣ ከአራት አንዱን። ኦቦ ዳዳቻ አልሳቁም። መነጽሩን ተቀብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አዙረው ብዙ ቆዩ።

«የዚህች ዝንብ አባት ዓይን ነበረው?» አሉኝ።

«ነበረው።»

«እናቷስ?»

«ነበራት፣ ኦቦ። ሁለቱም ያያሉ። ሁለቱም ሳያውቁት ይዘውታል።»

«ዝንብ!» አለች አማቴ። «ምነው፣ በዝንብ ልትፈርዱ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ ዲንቄ። ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ። እልል ማለት ቀረኝ። ጃታኒ ቀና ብሎ አየኝ፤ በሁለት ዓመቴ ዓይኑን አየሁት። ኦቦ ዳዳቻ ግን ገና አልጨረሱም። «ቡሬ የሚባል ኮርማ ነበረኝ» ብለው ጀመሩ። «ቁመናው የሚያስቀና። ዳማ ላምም ነበረችኝ፣ ወተቷ ቤት የሚሞላ። ሁለቱ ዕውር ጥጃ ወለዱ። ዓይነ ጥላ ነው ብለን በግ አረድን። ደግመው ዕውር ወለዱ። ያኔ ቡሬን ሩቅ፣ ዱብሉቅ ላለው ወንድሜ ሰጠሁት፣ ላሚቱን ለሌላ ኮርማ። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም የተወለደው ሁሉ ያያል። ቡሬ ክፉ አልነበረም። ላሚቱም ክፉ አልነበረችም። አንድ ላይ ነው የማይሆኑት። ይቺ ልጅ የምትለን ይህንኑ ነው፤ ከብት ያረባ ሰው ያውቀዋል።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው! ጋሼ ሥዩም አንድ ወር ሙሉ ተማሪዎቹን ያለፋው ነገር፣ ለእነሱ አንድ ጊዜ በቡሬ ስም ሲነገራቸው ገባቸው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከሁሉም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። «በጉ ይቅር» አሉ ኦቦ ዳዳቻ። «ዲንኪቱ ነውር የለባትም። እህቷም የለባትም፤ ገበያ መሐል እንናገርላታለን። ጃታኒም ነውር የለበትም። ዱብሉቅ ሄዶ ሌላ ሚስት ያግባና እዚያው ይውለድ። የእናንተም ጋብቻ አይፈርስም፤ ከብት የተነዳበት ጋብቻ እኛ ዘንድ አይፈርስም። ሚስቱ ነሽ። ስኳር ያመጣልሻል፣ ልብስ ያመጣልሻል። ምኝታችሁ ግን አንድ አይሁን።»

«ከአራት ሦስቱ ያያሉ ብያለሁ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌ ፊት ጮኽኩ።

«አራተኛው መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል፣ ልጄ? ያንቺ መጀመሪያ መጣ።»

«ላሚቱን ለሌላ ኮርማ ሰጠኋት አላሉም? እኔስ ታዲያ?»

ኦቦ ዳዳቻ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር፤ በርኅራኄ ነው ያዩኝ። «አንቺማ ላም አይደለሽም» አሉኝ፣ «የሰው ሚስት ነሽ።» ጉድ እኮ ነው! ሊለዩኝ ሲሹ ላም፣ ሊያስቀምጡኝ ሲሹ ሚስት። ወደ ጃታኒ ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ፣ አይሆንም የምትል አንዲት ቃል። አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ እናቱን አየ፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ተነሥተው መረቁን፣ ናጋ ሁኑ አሉን። አማቴ ብቻ ግራ እንደገባት ቀረች። «ዱብሉቅ? ዱብሉቅማ ሩቅ ነው» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። ልጄ ይግባልኝ ብላ ነበር እኮ፤ እሷም አጣችው። ልጠላት ፈልጌ አልሆነልኝም።

አደራ ነውና መነጽሩን ልመልስ ትምህርት ቤት ገባሁ። ጋሼ ሥዩም ልብሱ ሁሉ ጠመኔ ሆኖ ከክፍል ሮጦ ወጣ። «እህስ? አመኑሽ?» አለኝ። «አመኑ፣ ጋሼ። አንዷንም ሳያስቀሩ አመኑ» አልኩት። «አላልኩሽም!» አለ፣ ደስታው የሕፃን ነው፤ እጄን ይዞ ነቀነቀኝ። የቀረውን ለመንገር አንጀቴ አልቻለም። ምን አጠፋ? እውነት ስጠኝ አልኩት፣ እውነት ሰጠኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ክፍሎቼን ጠረግሁ፤ በዚያ ቀን የቱን ጠርጌ የቱን እንደተውኩ ግን አላውቅም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጃታኒ ቤት መጣ። መኪናቸው ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፤ አልጋው ላይ እንዳይቀመጥ ተከልክሏልና በርጩማውን ስቦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለጉያቱ የዶሎ ተምር በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቷል። እሷ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች መጣች፣ ጉልበቱን ነካች፣ ተምሩን ተቀበለች። ሲሄድ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አላወቀችውም። እሱም እኔ ነኝ አላላትም። ፀጉሯን ሊነካ እጁን አንሥቶ መለሰው።

«ለምን ዝም ብለሽ በጉን አላረድሽም?» አለኝ።

«አሸቱስ? ደግሞስ ውሸት አይደለም?»

«ውሸት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። መግቢያ ነበር የፈለግሁት፣ ዲንኪቱ። መግቢያ ብቻ።»

«አንተስ ዛሬ ለምን ዝም አልክ? አንድ ቃል!»

ጣቶቹን እርስ በርስ አቆላለፈ፣ ፈታ። ሽማግሌ ፊት፣ እናቴ ፊት፣ ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን «ናፍቀኸኛል» የሚል ሆነ። «እኔም» አለ። «መኪናው ላይ ስተኛ የቤታችን ቆርቆሮ ይታየኛል። አንዳንዴ ጧት እስክትወጪ ጠብቄ ነው የምነሣው» አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ያየኝ ነበር። ኮቱን አስተካከለና ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝና ወጣ። የሞተሩን ድምፅ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት፣ እስኪጠፋ።

ጉያቱ ተምሯን ጨርሳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እናቴ፣ ሰውየው ማን ነው?» አለችኝ።

አባትሽ ነው ልላት ነበር። አባቴ ከሆነ የት ነው የሚኖረው ትለኛለች፣ ነገ ይመጣል ወይ ትለኛለች። «ባሌ ነው» አልኳት።

«ባል ምን ያደርጋል?»

«ስኳር ያመጣል» አልኳት።